ጨው የሌለው ውሃ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ኮንጎ ጫማ ማድረግ እንደ ትልቅ ነገር የሚቆጠርበት ዘመን ነበር፤ ከዚያ በላይ ልል አልችልም። ዘንድሮ ሐምሌ መግቢያ ላይ ጎረቤቴ ለአጥር ብሎ ከሙገር የመጣ የኖራ ድንጋይ ደጄ ላይ አራገፈ። ዝናብ ሲነካው ያ እርጥብ ግድግዳ የሚመስል ሽታው ቤቴ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ አርፌ አልተቀመጥኩም፤ ወጣ እላለሁ፣ ሜዳውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።

በልጅነቴ እዚሁ ሱሉልታ፣ ጎጃም መንገድ ዳር፣ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። እኛ ልጆች ኦቦ ሰዓት፣ አቶ ሰዓት እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። የቆርቆሮ ሱቃቸው ውስጥ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሰዓት ይቆጥራሉ። ከሙገር የሚያመላልስ ሾፌር የተወላቸውን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ወረቀት እንዳይበርባቸው ይጭኑበታል። አንድ ቀን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ማጉያ መነጽር ሰጡኝና፣ «እስቲ እየው ጉርባ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ።

ባዶ ድንጋይ ያልኩት ለካ ሙሉ ነው። ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ዛጎሎች ተጠጋግተው ተኝተዋል።

«ምንድን ናቸው?»

«የባሕር እንስሳ ናቸዋ! ድንጋይ የሚመረምሩ ሰዎች ሰዓት ሊያሠሩ መጥተው ነገሩኝ። ይሄ አገር ሁሉ ባሕር ነበር አሉ።»

«ባሕሩ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እኔ በዚያ «እኔ እንጃ» እንቅልፍ አጣሁ። የት እንደሄደ ካልታወቀ መቼ እንደሚመለስስ ማን ያውቃል? ክረምት ነው፤ ሜዳው ውሃ ሞልቶ ጓሯችን ደርሷል። ለሽሽት እንዲመቸኝ ልብሴን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ኮንጎዬን እንዳጠለቅሁ እተኛ ጀመር። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፣ አባቴ ተቆጣኝ። የባሕር ውሃ ጨው ነው ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በየጠዋቱ ጓሮ ወርጄ ውሃውን በጣቴ እቀምሳለሁ።

አንድ ጠዋት ጨው ጨው አለኝ።

በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ኦቦ ሰዓት ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። «መጣ! ባሕሩ መጣ!» አልኳቸው። አልሳቁም። ሱቁን መልሰው ቆለፉና ተከተሉኝ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ዳር ቁጢጥ አሉ፤ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጥፍሬን አዩ።

«ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ላሞቹን አሞሌ ጨው አላስኩ።»

«አይ አንተ! ባሕሩ ያለው ጣትህ ላይ ነው።» ከጣሪያ በሚወርደው ውሃ እጄን አጠቡኝ። «አሁን ቅመስ። ሶጊዳ ቀባ? ጨው አለው?»

«የለውም።»

«በል፤ እስኪጎድል ድረስ ሁለታችን እንቀምሳለን።»

እውነትም ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት በጓሯችን በኩል ማለፍ ጀመሩ። ሰው አበዱ እስኪላቸው ድረስ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ጭቃ ውሃ ቀመስን። «ሶጊዳ ቀባ?» ይላሉ። «ሂን ቀቡ» እላለሁ፤ የለውም። ኮንጎዬን አውልቄ መተኛት የጀመርኩበትን ቀን አላውቀውም። መስከረም ሲጠባ ግን ሜዳው ላይ ከብት ተሰማርቶ ነበር።

አሁን ሜዳው ቤት በቤት ሆኗል። ውሃው መሄጃ አጥቶ ዘንድሮ ደጃፌ ድረስ መጣ። አዲስ አበባ፣ ፉሪ የሚኖሩት ልጆቼ «አባባ፣ እኛ ጋ ይምጡ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ዛሬ ጠዋት እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ነከርኩ፣ ቀመስኩ። ጭቃ ጭቃ፣ ትንሽም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጨው የለውም። ገባሁና ጫማዬን አወለቅሁ።

ያንን ክረምት ያሻገሩኝ ሰው ስማቸው ኦቦ ቱፋ ነበር።