የገብሬ ቦቲ

ደሴ ላይ ቦቲ ጫማ ማድረግ የሚያስገርም ነገር አይደለም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲያወርድና ሆጤ ሰፈር በጭቃ ስትላቆጥ፣ የሚያሳዝነው ቦቲ የሌለው ሰው ነው። ኮምቦልቻ ግን ሌላ አገር ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲሄድ፣ ልብስ ሰፊው ገብሬ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ጥቁር ቦቲ ከሚኒባስ ሲወርድ ያየው ይስቃል። «ጋሽ ገብሬ፣ ክረምቱን ይዘውት መጡ?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ገብሬ ሳምንቱን ሙሉ ሆጤ ውስጥ በአንድ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። እሑድ እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ካለችው ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራል። ካህን አይደለም፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ያለው አንድ ስጦታ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጻፈውን ነገር ሁሉ እንደ ኮት ገልብጦ ገበሩን ማሳየት ይችልበታል። ጨው ለምን ጨው እንደሆነ፣ መብራት ለምን ከእንቅብ በታች እንደማይቀመጥ ከእሱ የሰማ ሰው ቤቱ ገብቶ የገዛ ጨውና መብራቱን አተኩሮ ያያል።

አንዴ ወለላ የምትባል አዲስ ሙሽራ ከባሏ ተጣልታ እያለቀሰች መጣችበት። «በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ የሚጥፍ የለም ይላል ጌታ» አላት። «ለምን መሰለሽ? አዲሱ ጨርቅ ገና ውሃ አልነካውም። ሳትነክሪ ከጣፍሽው፣ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ይሰበሰብና አሮጌውን ይቀደዋል። አንቺ አዲስ እራፊ ነሽ፣ የባልሽ ቤት ደግሞ አሮጌ ልብስ ነው። ትንሽ ተነከሪ!» ወለላ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ወደ ቤቷም ተመለሰች። ይህን መሰል ነገር ከየትኛውም ትምህርት ቤት አይገኝም፤ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

ይህን ሁሉ የሚገልጥ ሰው አንድ የማይገልጠው ነገር ነበረው፤ ግራ እግሩን።

ደሴ ዙሪያ ገበሬ ሳለ፣ ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲረግጥ ኖሮ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው እግሩ ማበጥ ጀመረ። አንዱ የእባብ አጥንት ረግጦ ነው አለ፤ ሌላው የዘር ነው አለ። የታጨችለት ልጅ አባት ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ። ውሃ ይብሱን ያሳብጠዋል ስላሉትም ውሃ ማስነካቱን ተወ። ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ ደሴ መጥቶ ስፌት ተማረ፤ በመጀመሪያ ደመወዙም ከእግሩ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቦቲ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ያንን እግር ያየው ሰው የለም። የስፌት መኪናውን ፔዳል እንኳ የሚረግጠው በቀኙ ብቻ ነው።

በረንዳውን የሚጋራው የክርና የቁልፍ ሱቅ ያለው በሺር ነው። በሺር ሶላት ሲደርስ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ውዱእ ያደርጋል፤ እግሩንም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠባል። ሲጨርስ ግማሽ ውሃ የቀረበትን ጆግ ገብሬ አጠገብ ያስቀምጥለታል። «ለጤና አዳሙ ነው» ይላል፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተተከለውን ጤና አዳም በአገጩ እያሳየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል። ገብሬም ታዛዥ ነው፤ ጤና አዳሙን ያጠጣል። አሥራ ሰባት ዓመት አጠጣ። በዚህ መሃል ሦስት ጤና አዳም ሥራቸው በስብሶ ሞተዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡ ሲታሰብ፣ ካህኑ የአሥራ ሁለት ምእመናንን እግር ያጥባል። አሥራ ሁለቱን የሚመርጠው ገብሬ ነው። ራሱን ግን ሳፋ ያዥ አድርጎ ሾሟል፤ ሳፋ የያዘን ሰው ጫማህን አውልቅ የሚለው የለምና። ይህም አልበቃው አለና ትምህርት አበጀለት። «እግር ማለት ልብ ነው» ይላል። «ውሃው ቃሉ ነው። ሳፋው ቤተ ክርስቲያን ናት። ልቡን የታጠበ ሰው እግሩ ባይታጠብም ግድ የለም።» እንዲህ ሲል ምን እየሸሸገ እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ያፈረ ሰው ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

ትምህርቱ ጣፈጠ። እግሩን አደባባይ ላይ ማሳየት የሚወድ ማን አለ? ሰው ሁሉ «እኔ እንኳ ልቤን ታጥቤያለሁ» ማለት ጀመረ፤ በዓመት በዓመቱም የሚታጠበው ሰው እያነሰ ሄደ። ቀድሞ የነበሩት ሽማግሌ ካህን በቀረው ሰው ጨርሰው ዝም ይሉ ነበር።

በ2001 ዓመተ ምሕረት አዲስ ካህን መጡ፤ አባ እስራኤል ይባላሉ። ወጣት ናቸው፣ ነገርም አይለቁም። የዚያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስ አሥራ ሁለት ወንበር አስደረደሩ። አሥሩ ሞላ፣ ሁለቱ ባዶ ቀረ።

«ጋሽ ገብሬ» አሉ አባ፣ ፎጣቸውን ታጥቀው። «ሁለት ሰው ይፈልጉልኝ። እስኪሞላ አልጀምርም።»

ገብሬ ሳፋውን አስቀምጦ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አደረገ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከኋላ እማማ ይታይሽ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ እንጨት ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሄዶ ጎንበስ አለና «እማማ፣ ይምጡ ይታጠቡ» አላቸው።

«እኔ? ተወኝ ልጄ» አሉ። «እግር ማለት ልብ ነው ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህ? ልቤን ታጥቤያለሁ።» ይህን እያሉ እግራቸውን ወደ አግዳሚው ሥር ሳብ አድርገው የነጠላቸውን ጫፍ ጣሉበት። ከመሸፈኑ በፊት ግን ገብሬ አየው፤ ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ያንን እግር የመሳብ ነገር ያውቀዋል። የራሱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሱ ባበጀው መደበቂያ ውስጥ እኚህ ምስኪን ሴት ገብተው አገኛቸው።

«አንተስ ታጥበህ ታውቃለህ?» አሉት እማማ ይታይሽ፣ ለክፋት አይደለም፣ እንዲያው ነገሩ ገርሟቸው። «ሳፋ ስትይዝ እንጂ ስትታጠብ አይቼህ አላውቅም።»

ገብሬ ቀና ብሎ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ። ሄደና በአንደኛው ላይ ተቀመጠ። ቦቲውን ሲስበው እምቢ አለ። አባ እስራኤል ተንበርክከው አብረውት ሳቡ፤ ሲወጣ ሁለቱም ወደኋላ ሊወድቁ ነበር። አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እግሩ የተጠቀለለበት ጨርቅ ሲፈታ ግን ሳቁ ቆመ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ አፍንጫውን የያዘም ነበረ።

«አባ፣ ይቅር» አለ ገብሬ፣ እግሩን እየሳበ። «የኔን እግር አይጠቡ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ። ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ያለውን ስንት ጊዜ አስተምሮታል! ትሕትና ነው እያለ፣ አክብሮት ነው እያለ። አሁን ገባው። ጴጥሮስ አፍሮ ነበር። በባዶ እግሩ አቧራ ሲረግጥ የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሚወደው ሰው እግሩን እንዳያይበት ፈርቶ ነበር።

አባ ያበጠውን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ሳፋው ውስጥ አስገቡት። ቀስ ብለው፣ በየጣቱ መሃል እየገቡ አጠቡት። ሲያጥቡ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋሽ ገብሬ፣ የዚህ ሕመም መድኃኒቱ እኮ መታጠብ ነው» አሉት። «በየቀኑ፣ በሳሙና። ድሮ ባገለገልኩበት ክሊኒክ ሲስተሮቹ እንዲህ ዓይነቱን እግር ሲያጥቡ አይቻለሁ፤ እብጠቱ ይቀንሳል። የነገረዎት ሰው የለም?»

«ውሃ ያሳብጠዋል ብለውኝ ነበር» አለ ገብሬ። እንደ ሕፃንም አለቀሰ።

አሥራ ሁለተኛው ወንበር ሲንቋቋ ዞሮ አየ። እማማ ይታይሽ ተቀምጠው የፕላስቲክ ጫማቸውን እያወለቁ ነው። «እንግዲህ ከዚህ በኋላ በኔ ተረከዝ ማን ይስቃል?» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰውም ሳቀ። የዚያን ዓመት ሌሎችም ስለመጡ አባ ውሃ ሁለት ጊዜ አስቀየሩ።

ቅዳሜ ገብሬ ሆጤ በረንዳው ላይ ነበረ። የቀትሩ ሶላት፣ አዙሁር፣ ደረሰ። በሺር ታጠበ፣ እንደ ልማዱም ግማሽ ውሃ ያለበትን ጆግ አስቀመጠ። «ለጤና አዳሙ ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠ።

«በሺር» አለው ገብሬ። «ዛሬ ቶሎ አትሂድ። ና አፍስስልኝ።»

በሺር ዞረ። ገብሬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቦቲውን እያወለቀ ነበር። በሺር አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጆጉን አነሳ፤ ፊቱ ላይ መደንገጥ አልታየበትም። ውሃውን በቀጭኑ ለቀቀው።

«ታውቅ ነበር እንዴ?» አለው ገብሬ።

«አቦ አንተ ሰውዬ!» አለ በሺር። «በቀን ሦስቴ ውሃ የሚጠጣ ጤና አዳም የት አይተሃል፣ በአላህ?» አለና ከኪሱ አዲስ ሳሙና አውጥቶ አቀበለው።