ከቁርባን በፊት የበላሁት ቅጠል

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት ጉልበቴ አበጠ። አስጎብኚ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት ብቻ እንግዶች ይዤ ተራራው አናት ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። ዳገቱስ ደህና ነው፣ ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቅባት አሽቼ ጋደም እል ነበር። እሑድ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆም አለብኝ፤ ከባለቤቴ ጋር ልንቆርብ ነው።

ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከወለደች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ከዚያ በፊትም "ለፋሲካ፣ ኧረ ለፍልሰታ ይሁን" እያልኩ ስንት ዓመት ያዘገየኋት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አብረን ንስሐ ገባን፣ ቀኑም ተቆረጠ። "አደራህን፣ ብቻዬን እንዳታስቆርበኝ" ብላኝ ነበር።

ሥርዓቱ ከቁርባን በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት ምግብም ውሃም አይቀመስም ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በፊት ምሳዬን ልበላ ስጣደፍ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ መጣ። ሳነክስ አየኝና ከባጃጁ የፊት መስታወት ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቅጠል አወጣ። ካናቢስ ነው። ተሳፋሪ ጥሎት ሄደ አለኝ።

"ሀሺሽ ልታበላኝ ነው እንዴ?"

"ኧረ አብሽር! የሚያሰክረው ሲጨስ ነው። ጥሬውን የበላ ሰው ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ለመገጣጠሚያ መድኃኒት ነው ይላሉ።"

ማን እንደሚል አልጠየቅሁትም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። ጊዜ ቢኖረኝ አስብበት ነበር፤ አሁን ካልበላሁት ግን ጾሙ ይገባል፣ ነገም በአንድ እግሬ ልቆም ነው። በሽሮ እያጠቀስኩ፣ በእንጀራ እየጠቀለልኩ እፍኝ ሙሉ ዋጥሁ። ይመራል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ቅጠሉ መስታወት ሥር ስንት ቀን በፀሐይ እንደ ተጠበሰ፣ ጥሬ መባሉም ቀርቶ ሙቀቱ እንደሚጨሰው የሚያሰክር እንዳደረገው ልብ አላልኩም።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ አፌ ደረቀ፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ውሃ ደግሞ አይቻልም። ባለቤቴ ከጎረቤቶች ጋር ለክርስትናው ድግስ ጉድ ጉድ ትላለች፤ የውሃው ጀሪካን በሩ ሥር ተቀምጧል። በየጊዜው ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። ልቤ ደረቴን ይደበድባል። ስቀመጥ መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያምረኛል። ከቤት እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ቤት ስመላለስ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ መሰለኝ። ግማሽ ቀን አለፈ ብዬ ሰዓቴን ሳይ ያለፈው አራት ደቂቃ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ያው እንደ ታመመ፤ ይሄ ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

"ምን ሆነሃል? አረፍ በል እንጂ" አለች ባለቤቴ።

"የነገው አስጨንቆኝ ነው።"

ፊቷ በራ። እግዚአብሔርን የፈራሁ መስሏት ደስ አላት። ያኔ ራሴን ጠላሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓሮ ሄጄ የባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፌ አስመለስኩ፣ በእግሬም አፈር መለስኩበት። ማንም አላየኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ዝም ልልም ቆርጬ ነበር።

ጠዋት ከቅዳሴው በፊት የነፍስ አባታችን በቅጥሩ ውስጥ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግን አልቻልኩም።

"አባቴ፣ ትናንት አስመልሶኛል።"

"ምን በልተህ ልጄ?"

ቅጠሉንም፣ ለባለቤቴ የዋሸሁትንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሆድህ ሳይረጋማ ሥጋ ወደሙን አትቀበልም፤ ቢመለስብህስ? ለእሷ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ዛሬ ቆመህ አስቀድስ።"

ከወንዶቹ መካከል ቆሜ አየኋት። ልጃችን ቆረበች፣ ቀጥሎ እሷ። ሰማንያ ቀን የጠበቀችው፣ ኧረ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው። ወደ እኔ አልዞረችም።

የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ ዝም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። እሷም አፏን ሸፍና ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ስለ ጓደኛዬ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቅጠሉ እለፈልፋለሁ። መልስ መስጠት እንደማትችል እያወቅሁ ማቆም አቃተኝ። አንዴ ብቻ ቆም ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ቤት ስንገባ ልጅቷን አስተኛች፣ ውሃ ጠጣች፣ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

"አድጋ ‹አባቴ ያን ቀን ለምን ከእኛ ጋር አልቆረበም?› ስትል እኔ አልመልስላትም" አለችኝ። "ራስህ ንገራት።"

ልጄ አሁን አፏን ፈትታለች፤ ያየችውን ሁሉ ለምን ትላለች። ይሄኛውን እስካሁን አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ዳገቱን ብቻዬን ስወጣ መልሱን እለማመዳለሁ፤ አንድም ቀን አምሮልኝ አያውቅም።