የፍልሰታው ጉርሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ወራት አልፈዋል፤ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ደብረ ታቦር ነው። ቢሮ ውስጥ ሦስት ሴቶች ምሳችንን ከየቤታችን ይዘን መጥተን፣ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን አብረን እንበላ ነበር። እኔ፣ በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ አስካለ፣ እና ከጉና ሥር የመጣችው አዲሷ ሠራተኛ ጥሩዬ።

በፍልሰታ ለእኔም ለእትዬ አስካለም የንስሐ አባታችን የፍስክ መብላት ፈቅደውልን ነበር፤ ለእሳቸው በጨጓራቸው፣ ለእኔ በደም ማነሴ። አባ ሲፈቅዱልን፣ "በጓዳችሁ ብሉ፤ ሌላ ሰው እንዳታሰናክሉ" ብለውናል። እኔ ወተቴን ጠዋት ቤቴ ጠጥቼ፣ ምሳዬን ሽሮ አደረግሁ።

እትዬ አስካለ ግን አንድ ቀን የእንቁላል ፍርፍር አምጥተው ትሪው ዳር ላይ ገለበጡት። ጥሩዬ እጇን ሰበሰበች።

"ምነው፣ የጉና መነኩሲት!" አሉና ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ። "በሞቴ!"

"ኧረ እትዬ፣ ፆም ነው፤ ይቅርብኝ።"

"ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ? ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አልኩሽ!"

በአጠገባችን የሚበሉት ሳቁ። እኔ "ይተዉአት" እስክል ጥሩዬ አፏን ከፍታ ነበር። እንባዋ እየወረደ ዋጠችና ተነሥታ ወጣች።

ፍልሰታ በሚፈታበት ዕለት እናቷ አብረዋት ሊቆርቡ ከጉና ወርደው መጡ። እናትየው እየዞሩ እያዩዋት ወደ ቅዳሴው ገቡ። ጥሩዬ ከቅጥሩ ሥር ቆማ ቀረች።

"አባን አልጠየቅሻቸውም?" አልኳት።

"ጠየቅኋቸው። ግቢ ብለውኛል። ልቤ ነው እምቢ ያለኝ።"

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። በማግስቱ ግን ጥሩዬ ሳትቆርብ መቅረቷን ቢሮው ሁሉ እየሰማ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው።

"ለአንድ ጉርሻ ነው ይኼ ሁሉ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ለአንድ ጉርሻ! እርስዎስ እዚያችው ጓዳዎ ቢበሉት ምን ይጎድልብዎ ነበር?"

ሁሉም ሳቁብኝ። እስካሁንም ያን ቀን እያነሡ ይስቃሉ።

እኔና ጥሩዬ አሁን ለብቻችን ነው የምንበላው። ባለፈው ሳምንት ረስቼ ሽሮ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። ፊቷን አዞረች።