እናቴ ያነሳችው ኔጋቲቭ

ባለፈው ጥር፣ ለአባቴ ሙት ዓመት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ፍለጋ ፊልሞቹን ያስቀምጥበት የነበረውን የብስኩት ቆርቆሮ ስከፍት፣ የፊልም ማጠቢያው ኮምጣጣ ሽታ ሽው አለኝና ደብረ ማርቆስ ያደግሁባት ባለአንድ መስኮት ፎቶ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ካሜራውን አንግቶ ወደ ገጠር ይወጣ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ከሰርግ ሰርግ ይዞር ነበር፤ ከሮብ ገበያ እስከ ጉንደ ወይን ያላነሳው ሙሽራ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለሰርግ የሚያነሳው በኔጋቲቭ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ታጥቦ የሚመጣውን ስላይድ ለቤተሰብ ብቻ ይቆጥበው ነበር። እኛ ልጆች ስላይዱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገን ሰውን ከነቀለሙ ማየት እንወድ ነበር። ጥርሱ ጠቁሮ ጸጉሩ ነጥቶ የሚታይበትን ኔጋቲቭ ግን እናቴ «ይህን ጉድ ከዓይኔ አርቁልኝ» እያለች ቆጥ ላይ ታሰቅለው ነበር።

አገሩን ሁሉ የሚያነሳው አባቴ የራሱ ፎቶ አልነበረውም። አንድ የመስቀል ቀን ብቻ እናቴ በግድ አቆመችውና በሁለቱም ካሜራዎቹ አነሳችው። ስላይዱ ብርሃን በዝቶበት ፊቱም ጋቢውም አንድ ነጭ ሆነው መጡ፤ ኔጋቲቩም ጥላሸት መሰለ። አባቴ «ኔጋቲቭ የበዛ ብርሃን ቻይ ነው፣ አንድ ቀን በወረቀት አወጣዋለሁ» ቢልም፣ የሰው ሥራ እያስቀደመ ሳያወጣው ሞተ። እናቴም «አንድ ጊዜ ባነሳው እሱኑ አቃጠልሁት» እያለች ስትቆጭ ኖረች።

እናም እሷን ይዘን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስካነር ያለው ፎቶ ቤት ሄድን። ወንድሜ «ነጩ እያለ ጥላሸት ውስጥ ምን ፍለጋ አለ» ብሎ ስላይዱን አስቀደመ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ያው ባዶ ነጭ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሳ ስትል፣ የአባቴ ቃል ትዝ ብሎኝ ኔጋቲቩን ሰጠሁ። ባለሙያው ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጦ የበዛውን ብርሃን ቀስ በቀስ ሲቀንሰው፣ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ አደዩ፣ በመጨረሻም ሳቁን ሊያፍን የሚታገለው የአባቴ ፊት ከነሪዙ ብቅ አለ። እናቴ ስክሪኑን በእጇ ዳበሰችና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ውጭ ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩን።

ድሮ ሰው ፎቶ ለመነሳት አባቴ ደጅ ይሰለፍ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ካሜራውን በኪሱ ይዞ ስለሚዞር፣ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ ግን ለሙት ዓመቱ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ሥር ታቆምና፣ ሳይጠይቃት ቀና ብላ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» ትለው ነበር።