ለዓሦቼ የታጠነ ውሃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። በአምስት ትናንሽ ዓሦች የተነሳ የመጣ ጣጣ ስለሆነ ለሰው ሳወራው ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። አንባቢ ፍርዱን ይስጥ ብዬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የምኖረው እትዬ ዘሀራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። በዚያው ግቢ ይኖር የነበረ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ "ይኼን መስታወት ተሸክሜ የጣርማ በርን ዳገት አልወጣም" ብሎ አኳሪየሙን ከነዓሦቹ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ጋፒና ፕላቲ የሚባሉ ደቃቅ ዓሦች ነበሩበት። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ውሃውን ቀንድ አውጣ ወረረው። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ቀንድ አውጣዎች ቅጠሉ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ አየር የሚነፋው ሞተር ላይ ሳይቀር ተለጠፉ። ስለቅም ብውል አያልቁም።

አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ አንድ ዓሣ ሻጭ ዘንድ ገብቼ ችግሬን ነገርኩት። "ሎች ውሰጂ፤ ሙልጭ አድርጎ ይበላልሻል" አለኝና አሳየኝ። ብርቱካንማ ሰውነት፣ ሦስት ጥቁር መቀነት፣ አፉ ዙሪያ ደግሞ ጢም ያለው፣ ከሥር ከሥር የሚሄድ ዓሣ ነው። "ብቻውን አይኖርም፣ ከአምስት አታሳንሺ። ቅርፊቱም እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ውሃው ውስጥ ባዕድ ነገር ከገባ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው" ሲለኝ ምክሩን እንደ ዳዊት ደገምኩት።

አምስት ሎች በላስቲክ ውሃ አስይዤ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ እንዳይገድላቸው ላስቲኩን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጣርማ በር ዋሻው እስክንገባ ድረስ ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ለመሆኑ ይኼ ተጠብሶ ስንት ሰው ያበላል?" አሉኝ።

ለዓሦቹ ከእኔ በላይ ወዳጅ የተገኘላቸው ቤት በደረሱ በሳምንታቸው ነው። እትዬ ሞሚና ይባላሉ፤ የአከራዬ የእትዬ ዘሀራ ታላቅ እህት ናቸው። አጣዬ ላይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። ሾፌሮች መኪና አቁመው የሚገቡት ለወጡ ብቻ አልነበረም፤ በወይራ ከታጠነ እንስራ ለሚቀዱላቸው ቀዝቃዛ ውሃም ነበር ይባላል። ግጭት አጣዬን ባወደመበት በዚያ ክፉ ጊዜ ምግብ ቤቱም መኖሪያ ቤቱም ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ እህታቸው ዘንድ መጥተው ቀሩ።

ግቢው ሁሉ ይሳሳላቸው ነበር። መጥረጊያ ሲያነሱ ሰው ሮጦ ይቀበላቸዋል። ወደ ማድቤት ሲያመሩ፣ "ኧረ እትዬ ሞሚና፣ አንቱ አረፍ ይበሉ" ይባላሉ። እኔም እሳቸውን ሳናግር በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሙቀቱ የተነሳ በሬን ከፍቼ ፈተና ሳርም ዘለቅ አሉና አኳሪየሙ ፊት ቆሙ።

"እነዚህ ባለ ጢሞቹ ደግሞ ምንድን ናቸው?"

"ሎች ይባላሉ። ቀንድ አውጣውን እንዲበሉልኝ ነው ያመጣኋቸው።"

"ሽማግሌዎች በያቸዋ!" አሉና ከመጡ ወዲህ አይቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሎቾቹ ስም "ሽማግሌዎቹ" ሆነ። እትዬ ሞሚና ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላታቸውን ሰግደው፣ የሚቀመጡበትን ዱካ ይዘው መምጣት ልማድ አደረጉት። እኔ ትምህርት ቤት ስሆንም ቁልፉን እተውላቸው ነበር። "ዛሬ ተኮራርፈዋል"፣ "ያ ትልቁ የቀበሌ ዳኛ ነው፣ ሁሉንም ይገለምጣል" እያሉ ወሬያቸውን ይነግሩኛል። አንድ ቀን፣ "ሲበሉ ድምፅ ያሰማሉ እኮ" ሲሉኝ አላመንኩም። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ስሰማ እውነትም ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ አለ። ይኼን ያህል ያስተዋሉ ሴትዮ ሌላ ምን አይተው ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም።

ግንቦት ላይ ደብረ ብርሃን ለአራት ቀን ሥልጠና ተጠራሁ። ምግባቸውን የየቀኑን ለየብቻ በወረቀት ቋጥሬ ለእትዬ ሞሚና ሰጠኋቸው። አንድ ቤት ሙሉ ተሳፋሪ ሲያበሉ ለኖሩ ሴት አራት ቁንጣሪ ምግብ ቋጥሬ መስጠቴ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። "ውሃውን ግን አይንኩ" አልኳቸው። "አማና ነው፣ አደራሽን እጠብቃለሁ፤ ኢንሻ አላህ እንደተውሻቸው ታገኛቸዋለሽ" አሉ ወረቀቶቹን መቀነታቸው ውስጥ እየከተቱ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ለፊት ተቀበለን። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን እንደሆነው የባጃጁ ሾፌር ነገረኝ። መብራት ከሌለ አየር የሚነፋው ሞተር የለም።

ክፍሌ ስገባ መጀመሪያ የመታኝ የወይራ ሽታ ነው። የአኳሪየሙ ውሃ ቀጭን ሻይ መስሏል። ከሥሩ እንስራ ተቀምጧል። ሎቾቹ የሚደበቁበት የገንቦ ስባሪ ዞሮ ውስጡ ይታያል፤ አምስቱም እዚያ ተደራርበው በጎናቸው ተጋድመዋል። አንዱ እንዲያውም ሆዱን ወደ ላይ አድርጓል። ጋፒዎቹና ፕላቲዎቹ ከላይ ይዋኛሉ፤ እነሱ ግን አይንቀሳቀሱም።

እትዬ ሞሚና አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው በማራገቢያ ውሃውን ያራግባሉ።

"ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "መብራቱ ጠፍቶ ውሃው ሲሞቅ ሁሉም አፋቸውን ከላይ እያወጡ ሲያለከልኩ አንጀቴ አልችል አለ። ቀንሼ አዲስ ጨመርኩላቸው። ለእንግዳ የሚቀዳ ውሃ ነው፤ እንስራውን ደህና አድርጌ በወይራ አጥኜ..."

አላስጨረስኳቸውም።

"ገደልሻቸው!" አልኩ። "ውሃውን አትንኪ አላልኩሽም? ማን ንኪ አለሽ?"

እናቴን በዕድሜ ለሚበልጡ ሴት ነው እንዲህ ያልኩት። ጩኸቴ ግቢውን አዳርሶ እትዬ ዘሀራ በር ላይ መጥተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። እትዬ ሞሚና ብድግ አሉ። ማራገቢያውን ዱካው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

እኔ ንዴቴ ገና አልበረደም። የሞቱትን ላወጣ መረቡን አንስቼ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። መረቡ ገና ሲነካቸው አምስቱም በአንድ ጊዜ ተፈናጥረው ውሃውን ፊቴ ላይ ረጩኝ። ያ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የነበረው ከሁሉም ቀድሞ ቅጠሉ ውስጥ ገባ።

ስልኬን አውጥቼ ሳነብ ይኼ ዓሣ ሲያርፍ በጎኑ እየተጋደመ፣ እየተደራረበ እንደሚተኛ፣ ብዙ አዲስ አርቢ ሞተ ብሎ እንደሚደነግጥ ተጽፏል። ሻጩ አልነገረኝም። እኔም የባዮሎጂ መምህርቷ ጠይቄ አላውቅም። ጢስ የገባበት ውሃ እንደማይበጃቸው ግን አውቅ ስለነበር ጀሪካን ውስጥ ባቆየሁት ውሃ ግማሹን ቀየርኩላቸው።

እትዬ ሞሚናን ያገኘኋቸው ከጓሮ፣ ጥላው ሥር ማሾ ሲለቅሙ ነው። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

"ይቅር ይበሉኝ። አልሞቱም" አልኩ።

"አውቃለሁ። ተኝተው ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚተኙት፣ ቀን ቀን አንቺ ስትወጪ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ አስወራሽኝ?"

ይኼኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ማሾውን ከመልቀም አላቆሙም።

"ተነሺ፣ መሬቱ ያቃጥላል" አሉ። "አጣዬ ስንቱ ሾፌር 'ወጡ ዘገየ' እያለ ጮኾብኛል። እኔም መልሼ ጮኼበታለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን የተቆጣኝ ሰው የለም። ብርጭቆ ስሰብር 'ይሁን፣ ዋናው የአንቱ ጤና' ይሉኛል። ልጄ፣ እንዲህ የሚያዘው ሊሞት የደረሰ ሰው ነው። ዛሬ ስትጮሂብኝ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። እዚህ ቁጭ ብዬ ልቤ ሲረጋ ግን፣ ሥራ የተሰጠው ሰው ነው ሥራ አበላሸህ ብለው የሚቆጡት አልኩ። ለካ ሥራ ሰጥተሽኝ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"'አንቺ' ብለሽ የጠራሽኝን ግን ድገሚውና እንተያያለን" አሉ። ሳቄና እንባዬ ተደባለቀ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ግን ትንሹ ሎች በእርግጥ ሞተ። ጠዋት ተንሳፍፎ አገኘሁትና አውጥቼ ቀበርኩት። ከአስር ሰላት በኋላ እትዬ ሞሚና ዱካቸውን ይዘው መጡ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

"አንዱ የለም።"

"ሞተ" አልኳቸው።

"በእኔ ውሃ ነው?"

ምላሴ ላይ የመጣው "አይ፣ ምን በወጣዎት!" የሚለው ነበር። ግቢው ሁሉ ለእሳቸው የሚለው እንደሱ ነው። ማለቱም ቀላል ነበር፤ አንድ ዓሣ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። እሳቸው ግን ዓይኔን ዓይኔን እያዩ መልሱን ይጠብቃሉ። ጓሮ ማሾ እየለቀሙ ያሉኝ ትዝ አለኝ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። "ጢሱ ለእነሱ ጥሩ አይደለም። ያን ቀን ውሃ ባይጨምሩላቸው ደግሞ አምስቱም ታፍነው ሊያልቁ ይችሉ ነበር። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

ወደ አራቱ ሎቾች ዞሩ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ የቀሚሳቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ።

"እሺ" አሉ። "ያልታጠነውን ጀሪካን አምጪው። ስንት እንደሚቀነስ፣ ስንት እንደሚጨመር አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። አሁን ውሃውን የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሳልኖርም ስኖርም። ሲሳሳቱ እነግራቸዋለሁ፣ ስሳሳት ይነግሩኛል። እትዬ ዘሀራ ስንጨቃጨቅ ሲሰሙ መጀመሪያ ላይ ይደነግጡ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ባለፈው እንዲያውም ማድቤቱን ለእህታቸው ለቀውላቸው፣ ወጡ ጨው እንደበዛበት ፊት ለፊት ሲነግሯቸው ሰማሁ።

እኔ እስካሁን አፍራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማፍረው በዚያች ከሰዓት በኋላ ስለጮህኩት ጩኸት ነበር። እየቆየ ሲሄድ ያ ቀለለኝ። አሁን የሚያሳፍረኝ ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ሁሉ ነው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መጥረጊያ ከእጃቸው እየተቀበልኩ፣ በሕይወት ያሉትን ሴት ተቀምጠው ሞትን እንዲጠብቁ ያደረግኩበት ጊዜ።