ያልታሸገው ፖስታ

የእናቴን ሣጥን ስናራግፍ ከነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ያ ፖስታ ዱብ አለ። ወረቀቱ ወይቧል፤ የታተመበት የይሁዳው አንበሳ ግን ዘውዱን እንደደፋ ነው። ከጎኑ ቴምብር፣ በቴምብሩ ላይ ክብ ማኅተም። ደግ የሚመስል ነገር ሁሉ የሚያጠራጥረኝ ከዚህ ፖስታ ወዲህ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ቡሬ፣ ከሰፈራችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር የነበራቸው ነጋዴው አያ ይርዳው ብቻ ነበሩ። የሁላችንም ደብዳቤ በሳቸው በኩል ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቶ፣ እናቴ በየገበያው ቀን ደጃቸው ትቆም ነበር። በኋላ ፖስታው መጣ። ባዶ። ገለበጠችው፣ አራገፈችው፣ ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። ክዳኑን ብትዳስሰው ሙጫው ምራቅ አልነካውም።

«እንዲህ ክፍቱን ነው የመጣ፣ አያ ይርዳው?»

«እንዳየሽው ነው እታለም።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«አንበሳው በልቶት ይሆናላ» አሉና ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። ወንድሜ ሞቷል፤ ደብዳቤውን አውጥተው መርዶውን ደብቀውኛል አለች። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር መርዶ መርዶ ሸተተን። ጎረቤት ድንች ቀቅላ ብትልክልን «ለምን ዛሬ?» እንላለን። አስተማሪዬ ራሴን ቢዳብሱኝ ሮጬ ለእናቴ እነግራለሁ። ጎሕ ሲቀድ ውሻ ከጮኸ፣ መርዶ ነጋሪዎቹ መጡ ብለን ተቃቅፈን በሩን እናያለን። አያ ይርዳውማ ሰላም ባሉን ቁጥር ፊታቸውን እሰልል ነበር።

ለፋሲካ አጎቴ በእግሩ ከች አለ፤ ያውም ወፍሮ። እናቴ ከመሳሟ በፊት ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ደብዳቤው የታል?»

«ምን ደብዳቤ? ስጦታው ፖስታው ነው እኮ፤ መታሰቢያ ነው። ጣሊያን ዘርፎ ወስዶት የተመለሰው የአንበሳ ሐውልት፣ የነፃነታችን ምልክት። ማኅተሙ የሚመታው ቴምብሩ በወጣበት ቀን ብቻ ነው።»

«ታዲያ አለሁ ብለህ አትጽፍበትም?»

«ይበላሻላ።»

በማግስቱ እናቴ ለአያ ይርዳው ጠላ ይዛ ሄደች። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው «አንበሳው ተፋው?» አሏት።

ዛሬ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ፖስታ የሚጠብቅ የለም፤ ሁሉም በስልክ ይመጣል። የእናቴንም ሞት ያወቅሁት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ አንዱ ዘመዳችን ከፎቶዋ በላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ለጥፎት። ጎሕ ሲቀድ ደጄን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ፖስታውን እንደሷ ገልብጬ አራገፍሁት። አያ ይርዳው በሕይወት ቢኖሩ፣ እስኪነጋ መርዶዋን ይደብቁኝ ነበር።