ደሜ ከወንድሜ ሥጋ ጋር የተጣላበት አገር

ወረታ አጠገብ ካለው መንደሬ የወጣሁት ሩዙ አንገቱን ደፍቶ ማጭድ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመንደሩ ሰው ግቢያችንን ሞላውና ያለቅስ ጀመር። እኔ ጤነኛ ሆኜ፣ በቁሜ እያየኋቸው ነው የሚያለቅሱት። አንዱ ጎረቤቴ የቅርጫ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና፣ «ሞላ፣ ፈረንጅ ደምህን ቀድቶ ሲጨርስ ሬሳህን ማን ያመጣዋል?» አለኝ።

«አንተ ናና ተሸከመኝ» አልኩት።

እናቴ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ፣ «ወንድምህን አድንልኝ» አለችኝ።

«የሚድን ከሆነ» አልኳት።

«ከሆነ አላልኩህም» አለች። በዚሁ ተሰነባበትን። በባጃጅ ወረታ፣ ከወረታ በመኪና ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወዲያ በሰማይ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ወረታ መናኸሪያ ግንብ ላይ ያለው «መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ነበር፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቅልስልስ አያውቅም፣ ቻሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ አያሌው ከዓመታት በፊት በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንና ሊቢያ ተንከራትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን ገባ። ሲወጣ ተኳርፈን ነበር። ከአባታችን የተካፈልነው መሬት ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ እሱ ድንበሩን ወደኔ ገፋ፤ እኔ ካስማውን መለስኩ፤ እሱ እንደገና ገፋ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። አንድ ቀን አረም ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«አያ ሞላ፣ ታምሜያለሁ። የደም ካንሰር ነው ብለውኛል። የእናቴ ልጅ መቅኔ ካልሰጠኝ ብዙም አልቆይ።»

«ድንበሬን ወስደህ መቅኔዬ ቀረህ?» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁን ሳል ቀማው።

እህታችንና እኔ ባሕር ዳር ሄደን ደም ሰጠን። እሱን እንደ ነፍሷ የምትወደው እህታችን ጨርሶ አልገጠመችም። እኔ ገጠምኩ። ሐኪሙ «የአንድ አተር ሁለት ክክ ናችሁ» አለኝ። እግዚአብሔር ሲቀልድ የሚስቅለት የለም እንጂ ቀልደኛ ነው።

ኤምባሲ መስኮት ላይ ያለችው ሴት በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። «እዚያው እንደማትቀር በምን እናምናለን?»

«ሩዜ እየረገፈ ነው።»

«ከወንድምህ ጋር ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?»

«ጠላቶች ነን።»

አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው። «ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«እናቴ አዝዛኝ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈቀደችልኝም። ከእኔ በፊት የቀረበው ሰው ሁሉ ዘመዱን አለቅጥ ሲወድ ሰልችቷት ይመስለኛል።

ጀርመን ስገባ ብርዱ እንደ ክፉ አማች ተቀበለኝ። የደራ የፎገራ ሙቀት ለምዶ የኖረ ገላ ቆዳውን ወደ ውስጥ ገልብጦ ሊለብስ ቃጣው። ሆስፒታሉ ግን ሞቃት ነው፣ ንጹሕም ነው፣ በየግድግዳው ክልከላ ተለጥፏል። «ፈርቦተን» ይሉታል። ያንን ቃል ሳይ ወረታ መናኸሪያ የደረስኩ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ሥራውን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ስቴም ሴል የሚሏት ደምን ሁሉ የምትወልድ ዘር ናት፤ መቅኔ ውስጥ ትኖራለች። የአያሌውን የታመመ መቅኔ በመድኃኒት ያጠፉትና የኔን ዘር ይዘሩበታል። ይህን ለማድረግ መጀመሪያ እኔን ወጉኝ። መርፌው ዘሪቱን ከአጥንት ወደ ደም ያስወጣታል ተባለ፤ አጥንቴ ግን በሬ እንደሚያበራየው አውድማ ሆነ። ቀጥሎ ከአንድ ማሽን ጋር አሰሩኝ። ደሜ በአንድ ክንዴ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ዞሮ፣ በሌላ ክንዴ ይመለሳል። ዘሪቱን ብቻ እያበጠረ ያስቀራታል።

እዚያ ላይ ከንፈሬን ነዘረኝ። ሲስተር ኡርሱላ የምትባል በር የምታህል ነርስ ወተት ይዛ መጣች፤ ማሽኑ ካልሲየም ስለሚቀንስ ነው።

«ጾም ነው» አልኳት በአስተርጓሚዬ በኩል።

«ምን ያህል ጊዜ ነው የምትጾሙት?»

«እስከ ገና።»

ወተቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወተቱን ራሷ ጠጣችውና ክኒን አመጣችልኝ። ያን ቀን ወደድኳት።

ሲያልቅ ከረጢቱን አሳዩኝ። ውሃ የበዛበት የቲማቲም ስልስ ይመስላል፤ ይኼው ነው። መንደር ሙሉ ሰው ለዚህ ነው ያነባው።

ዘሩ ያዘ። ሐኪሙ «የወንድምህ መቅኔ ያንተን ደም መሥራት ጀመረ» አለኝ። እኔም መመለሻዬን ማሰብ ጀመርኩ። ወዲያው ነገር ተበላሸ። አያሌው ቆዳው እንደ ተቃጠለ ቀላ፣ ተላጠ፤ ሆዱ አልይዝ አለ።

አስተርጓሚዬ ሳባ ትባላለች፤ እዚያው ያደገች ልጅ ናት፣ አባቷን የምሆን ሰው «አንተ» ትለኛለች። «አንተ ሞላ፣ ሐኪሙ እንዲህ ነው የሚለው፦ ያንተ ደም የወንድምህን ሥጋ አላወቀውም። ባዕድ ነው ብሎ እየበላው ነው።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«ያንተ ደም።»

ክው አልኩ። ደሜ ቂሙን ይዞ ገባ ማለት ነው! እኔ እዚህ ወንበር ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ እዚያ ውስጥ ድንበር እያስመለስኩ ነው። ሐኪሙ «ከጠባችሁ ጋር ግንኙነት የለውም፣ በሚዋደዱትም ላይ ይመጣል» ብሎ ማለልኝ። በሚዋደዱት ላይ ከመጣ በእኛማ ምን ይሁን?

መድኃኒቱ አልገታው አለ። ያኔ ሐኪሙ ሌላ ነገር አመጣ። ሜሰንካይማል የሚባል ሌላ ዓይነት ሴል አለ። ከሦስተኛ ሰው መቅኔ ወስደው ያባዙታል። ደም አይሠራም፣ ቦታም አይዝም፤ መሐል ገብቶ የሚዋጉትን ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል። ገና ምርምር ላይ ነው፤ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል።

«እና ሽማግሌ ነዋ!» አልኩ። «የማን ነው መቅኔው?»

«ስሙ አይነገርም።»

«ስሙ የማይነገር ሽማግሌ? መቼ ነው የሚገባው?»

«ነገ።»

«አይሆንም» አልኩ። «ባለጉዳዮቹ ነገሩን ለሽማግሌ ሳይሰጡ ሽማግሌ አይቀመጥም። አያሌው ፈርሞላችሁ ይሆናል። የተጣላው ግን የኔ ደም ነው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሐኪሙ የኔ ፈቃድ ለዚህ እንደማያስፈልግ አስረዳኝ። እኔም ያለ ዕርቅ የገባ ሽማግሌ ተደብድቦ እንደሚወጣ አስረዳሁት። ሳባ ከመሐላችን ቆማ የምትተረጉመውን ስታጣ ወንበር ፈለገች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኑሩን ጠራኋቸው። ወረታ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን እዚሁ ጀርመን ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። አባቴን ያውቁታል። ሽማግሌ ጎደሎ ቁጥር መሆን ስላለበት ሳባን ጨመርን፤ ሦስተኛ አጣን። ሲስተር ኡርሱላ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀችና፣ «እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ» ብላ ተቀመጠች።

አያሌው ክፍል መግባት አይቻልም፤ ሰውነቱ መከላከያ የለውም። እሱ በመስታወት ወዲያ፣ እኛ በኮሪደሩ ወዲህ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ሸንጎ ተቀመጥን።

«አያሌው፣ ነገሩን ለኛ ሰጥተሃል?» አሉት ሐጂ።

«ሰጥቻለሁ ሐጂ።»

«ሞላስ?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ድንበር ገፍተሃል ይልሃል።»

«እኔ አልገፋሁም። ርብ ሞልቶ ጎርፉ ነው የገፋው።»

«ጎርፍ ካስማ ነቅሎ፣ እርምጃ ቆጥሮ፣ መልሶ ይተክላል?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ጎርፉ ወደኔ ሲገፋ ዝም ትላለህ!»

ሲስተር ኡርሱላ የመሬቱን ስፋት ጠየቀች። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ይሆናል አልኳት። ኮሪደሩን አየችው። ቀስ ብላ መስታወቱን አየች። ይህን ሳባ ሳትተረጉምልኝ እኔው ገባኝ።

ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ። «ጎርፍ ያምጣው ማረሻ፣ ያረስከው አንተ ነህ። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«ፈርቦተን!» አለች ሲስተር ኡርሱላ፣ ሳባ ተርጉማ ሳትጨርስ። ድንጋይ ላይ አፈር አለ፣ አፈር ላይ ሻጋታ አለ፣ ሻጋታው ይገድለዋል።

«ድንጋይ አንገቱ ላይ ካልሆነ ዕርቁ ዕርቅ አይባልም» አሉ ሐጂ።

«ድንጋይ ከሆነ እኔ አልስማማም» አለች ነርሷ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሊጣሉብኝ ነው። ነርሷ ጥቂት አሰበችና ተነሣች፣ ጭምብሏን አደረገች፣ ትልቁን የግሉኮስ ከረጢት በአልኮል ደጋግማ ጠርጋ ይዛ ገባች። አያሌውን ደግፋ አስቀመጠችው፤ ከረጢቱን አንገቱ ላይ አኖረችው።

ወንድሜ ጎነበሰ። አንገቱ እንደ ልጅ አንገት ቀጥኗል፤ ከረጢቱ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ እሷ በአንድ እጇ ከረጢቱን በአንድ እጇ እሱን ይዛለች።

«አያ ሞላ፣ ስለ እመብርሃን» አለ።

ሥርዓቱ ጥቂት ማስለመንን ይጠይቃል። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አውርጂለት!» ብዬ ጮህኩ። ሐጂ መረቁን። በማግስቱ ያ ስም የለሽ ሽማግሌ በቀጭን ቱቦ ገባ።

ቆዳው በረደ። ሐኪሙን «ያበረደው ዕርቁ ነው ወይስ የናንተ ሴል?» አልኩት። «ወይም ቀድሞ የሰጠነው መድኃኒት» አለ። «አናውቅም፤ ለማወቅ ነው የምናጠናው።» እውነቱን ስለተናገረ አከበርኩት። የሆዱና የአፉ ሕመም ግን እስካሁን ይነሣል፣ ይተኛል።

በዚህ ምክንያት እኔም ቀረሁ። ተጨማሪ ደም ቢያስፈልግ ተጠባባቂ ነኝ። የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ በየጊዜው እቀርባለሁ።

«ወንድምዎ እስከ መቼ ይታመማል?» ይለኛል ሰውዬው።

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከዳነ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ።»

«ከሞተስ?»

«ያኔም ይመለሳሉ።»

«ለመኖር ምን ይሁን ታዲያ?»

አሰበ። «እንዲሁ መሐል ላይ ይቆይ» አለኝ። እንዲህ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

የተከራየሁት ክፍል አለ። አከራዬ ስልክ ባወራሁ ቁጥር ግድግዳ እየደበደበ «ሩሄ!» ይላል፤ ዝም በል ነው። «ወረታ ሩቅ ነው፣ ካልጮህኩ አይሰማም» ብዬ አስረዳሁት። ዳቦ አላቸው፣ እንደ ጡብ ነው። ሩዝ አላቸው፤ ስለ ሩዛቸው ባልናገር ይሻላል። ሰው ሰላም ሲልህ ስለ ከብትህም ስለ ጎረቤትህም አይጠይቅም፤ ሰላም ብሎ ያልፋል፣ አንተ መልሱን ይዘህ ትቀራለህ።

ባለፈው እሑድ አያሌው እንደገና ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ሄድኩ። አፉ ቆስሎ መናገር አቅቶታል። እናቴ ሰሞኑን፣ ልጄን ደብቃችሁኛል፣ ሞቷል፣ ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም እያለች እህል ትታለች። እህታችን ናት የደወለችው። ስልኩን ለአያሌው ሰጠሁት፤ ከንፈሩን አላወሰ፣ ደም ብቻ ወጣ። ስልኩን ወደኔ ገፋው። በዓይኑ ለመነኝ።

«አያሌው?» አለች እናቴ። «አያሌው፣ አንተ ነህ?»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የአንድ ቤት ወንዶች ነን፤ በስልክ ማን ይለየናል?

«አዎ፣ እማ» አልኩ።

እልል አለች። እህታችንም እልል አለች። ስለ ሆዱ ጠየቀችኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ። ስለ እንቅልፉ ጠየቀችኝ፣ እተኛለሁ አልኩ። አያሌው ትራሱ ላይ ሆኖ ስለ ራሱ ይሰማል።

«ሞላ አይቆጣህም?»

«ይቆጣኛል። ግን አይለየኝም።»

«ስጠኝ እስቲ እሱን።»

አያሌውን አየሁት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አዞረ።

«ወጥቷል፣ እማ።»

«የት?»

«እዚሁ። ይመጣል።»

መስመሩ ተቆራርጦ ተመለሰ።

«እንግዲያው ሲመለስ ይደውልልኝ በለው» አለች። «ካንተ ይልቅ የሱ ድምፅ ነው የናፈቀኝ።»